ተሸናፊ ብቻ የሚሰማው ዜማ

ውድ አይሸነፌ፣

ቅጽል ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ነኝና ዛሬም በሱ ልጥራህ። ራስህ በሠራኸው የኮምፒውተር ጌም ማን ያሸንፍሃል? ጠላት ከየትኛው ቋጥኝ ጀርባ ብቅ እንደሚል ተኝተህም ታውቀዋለህ።

የምጽፍልህ ስላፈርኩ ነው። አንተ አፍረህ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከጌሙ ምረቃ አዳራሽ ወዲህ አንገቴን የደፋሁት ግን እኔ ነኝ። የወሰደው ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ የተወሰደበት ይሸማቀቃል።

አስተዋዋቂዋ መድረክ ላይ "ይሄን ደም የሚያፈላ የፍልሚያ ሙዚቃ ማን ሠራው?" ብላ ስትጠይቅህ፣ አሁን ወደ እኔ ይጠቁማል ብዬ ቀሚሴን አስተካከልኩ። ፊቴን የሚያግለው ይሄ ነው። ቀሚሴን አስተካከልኩ! አንተ ማይኩን ጠጋ አድርገህ "እኔው ነኝ፤ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼበታለሁ" አልክ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። "ምንድን ነው የሚለው ይሄ ልጅ? ያንቺ አይደለም እንዴ?" አለች፣ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ።

"እማዬ፣ በፈጠረሽ ዝም በይ።"

"ለምን ዝም እላለሁ? ስንት ወር ሙሉ ድስቴን ሁሉ ስትደበድቢ ጆሮዬ የደነቆረው ለሱ ነው?"

"ዝም በይ አልኩሽ!"

የፊት ወንበሮቹ ሁሉ ዞረው አዩን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ፤ ባንተ ላይ መጮህ ሲገባኝ በእሷ ላይ ጮህኩ። እስካሁን ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

በሩ ላይ ስይዝህ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ "ለገበያ አንድ ስም ይሻላል፤ አታካብጂው፣ ያው የኛው አይደል?" አልከኝ።

የኛው? በአክስትህ ልብስ ስፌት ቤት ጓዳ ስንሠራ፣ አክስትህ ወፍራም ጂንስ ስትሰፋ የድምፅ መቅረጫውን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ሥር ያጋደምኩት እኔ ነኝ። ተጫዋቹን ከወንበሩ የሚያስነሳው የፈረሰኞች ግልቢያ የእሷ መኪና ድምፅ ነው። የጋሻው ግጭት የብረት ቁምሳጥኗ በር ነው። "ኧረ እናንተ ልጆች፣ ከማን ጋር ነው የተጣላችሁት? ደንበኛ አሸሻችሁብኝ እኮ!" ትለን ነበር። "ትለን" አልኩ? የምትለው ለእኔ ነው። አንተ ጆሮህን በማዳመጫ ደፍነህ ስክሪንህ ላይ ነበርክ።

ሙዚቃውን በሦስት ንብርብር ሠራሁት። ጠላት ሲርቅ ከበሮ ብቻ ነው። ሲቀርብ ግልቢያውና ብረቱ ይጨመራል። ሦስተኛው የሚሰማው የተጫዋቹ ነፍስ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት ነው። እሱን ስሰጥህ "ተሸናፊ ደግሞ ምን ሙዚቃ ያስፈልገዋል?" ብለህ ሳቅክ፤ ሳታዳምጠውም አስገባኸው። ከዚያ ወዲህም አልሰማኸውም፤ አንተ መቼ ተሸንፈህ!

እዚያ ሦስተኛው ላይ ከበሮው ሁሉ ቀጥ ይላል። አንዲት ሴት ትንፋሿ እየተቆራረጠ ታንጎራጉራለች። እኔ ነኝ። ድምፄን ስለማፍርበት አንተ በማትደርስበት ቦታ ደበቅኩት።

ነገ ጌሙን ሊገዙ ከመጡት ሰዎች ጋር እንደምትቀመጥ አክስትህ ነግራኛለች። እኔም እመጣለሁ። ንግግር አላበዛም፣ አልከስህም። አንድ ዙር ልጫወት ብዬ ብቻ እጠይቃቸዋለሁ። ከዚያ እጄን ሰብስቤ ጠላት እስኪከበኝ እጠብቃለሁ።

ያ ድምፅ ሲወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንደምመርጥ አውቃለሁ። ቢሆንም አላቋርጠውም። "ይቺ ሴት ማን ናት?" ብለው ሲጠይቁ መልሱ ያንተ ነው። እኔ ከጎንህ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

የሙዚቃው ደራሲ