ማሰሮ ውስጥ የሚበቅል ብራና

ጥር 14፣ ከት/ቤት መልስ

ዛሬም አልነካሁትም። የጠርሙሱን ጨርቅ ገለጥ፣ አየት፣ መልሶ ክድን። ስኳር ባለው ሻይ ላይ የወተት ስልባቦት የመሰለ ስስ ነገር ተጋድሟል። ደብተሬ፣ ቢቸና ውስጥ ለማንም ብናገር ይስቅብኛል፤ ላንቺ ልንገርሽ። ሻዩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን እየበሉ ክር ይፈትላሉ። ሴሉሎስ፤ ጥጥም ወረቀትም የሆነው ያው ነገር። እርሾውን በጠርሙስ የላከችልኝ ባሕር ዳር ያለች ጓደኛዬ ናት፣ ለባዮሎጂ ተማሪዎቼ ማሳያ ብላ። እኔ የማስበው ግን ስለ አባባ ነው።

አባባ ሞጣ ናቸው፤ ቁም ጸሐፊ። ዕድሜ ልካቸውን የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ብራና አድርገው ጻፉበት። ትከሻቸው ከተያዘ ወዲህ መፋቅ ቀረ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ መጻፉን ይችሉታል። ግን ሌላ ሰው የፋቀው አይጥማቸውም፤ ጮማ አለበት ይላሉ። ወረቀትማ ስሙም አይነሣ። ብዕራቸውን ጠቅልለው ሰቀሉት። አሁን ዝም ብለው ይውላሉ፤ ዝምታቸው ያስፈራኛል።

ጥር 19፣ ጠዋት

ወፍሯል! ግን ጠርሙሱ ጠባብ፣ ገጽ አይወጣውም። አከራዬን እትዬ ላቀችን አፈ ሰፊ ማሰሮ ለመንኳቸው። ለምንድን ነው ሲሉኝ እርሾ ላደርግበት ነው አልኩ። ደስ አላቸው፤ መምህሯ ሙያ ልትለምድ ነው።

ጥር 20

ሻዩን ከነስልባቦቱ ወደ ማሰሮው ገለበጥኩ። ማሰሮው ምን የመሰለ ሽታ አለው! ለጥንቃቄ ጥቂት እርሾ በጠርሙሱ አስቀርቼ ላብራቶሪ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርኩ።

ጥር 30፣ ማታ

ምንም የለም። ስልባቦቱ ጠቁሮ ሰጥሟል። አዲስ ነገር አልወጣም።

እትዬ ላቀችን ጠየቅኩ። ማሰሮውን በግራዋ ፈትገው፣ በወይራ አጥነው ነው የሰጡኝ። ለጠላ እንደሚደረገው። “ማሰሮ ሳይታጠን ለሰው ይሰጣል እንዴ፣ ልጄ?” አሉኝ፣ ተቀይመው። እውነታቸውን ነው። ጢስ ተሕዋስያንን ይገድላል ብዬ ክፍል ውስጥ የማስተምረው እኔ፤ ሽታው ግሩም ነው ብዬ ያሸተትኩት እኔ። በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ በራሴ ሳቅኩ። ከዚያ እንደገና አለቀስኩ።

የካቲት 3

የጠርሙሱ እርሾ በሕይወት አለ። ተመስገን።

እትዬ ላቀች አዲስ ሳፋ ይዘው መጡ። በውሃ ብቻ ነው ያጠብኩት፣ ምንም አላደረግኩበትም፣ ለሰው አትንገሪብኝ እንጂ አሉ። እሺ አልኩ፤ ላንቺ ብቻ፣ ደብተሬ።

የካቲት 23

ሳፋውን የሞላ አንድ ገጽ! አውጥቼ ቀቀልኩ፣ ደጋግሜ አለቀለቅኩ፣ ጣውላ ላይ ዘረጋሁ። ሲደርቅ ሳሳ፤ የማር ቀለም ያዘ። ጎተትኩት፣ አልተቀደደም። ፈራሁ። አባባ ባይወዱትስ? ሌላ መላ የለኝም።

የካቲት 28፣ ሞጣ፣ ከሰዓት

ከሚኒባስ እንደወረድኩ ቀጥታ ቤት። ምሳም አልበላሁ። ገጹን ሰጠኋቸው።

አባባ ወደ ብርሃን አነሡት። አሸተቱት፤ ሆምጣጣ ነው አሉ። የምን ቆዳ እንደሆነ ጠየቁ። የእንስሳ አይደለም፣ ሳፋ ውስጥ የበቀለ ነው አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስኳሩን፣ ክሩን። ገጹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

“ነፍስ ያልጠፋበት ነው በይኛ” አሉ።

ተነሥተው ብዕራቸውን አወረዱ። ቀለም በጠበጡ። ጸሐፊ ሥራ ሲጀምር ብዕሩን በዳር ይሞክራል፤ ሁለት ቃል ነው፣ “ፈተነ ብዕር”። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አጻጻፍ። ያንኑ ጻፉ። የመጨረሻው ፊደል ዳር ቀለሙ ትንሽ ሸሸ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ምልክት አስቆሙኝ፤ ትንሽ ይጠጣል፣ ይታረማል አሉ። ከዚያ ገጹን በስንዝር እየለኩ ለዳዊት ይበቃል አይበቃም ብለው ለራሳቸው ያወራሉ። አባቴ ያወራሉ!

ለአንድ ዳዊት ስንት እንዲህ ያለ ገጽ እንደሚፈልጉ ጠየቅኩ።

“አንቺ አብቅዪ፣ እኔ አለሁ” አሉኝ።

ነገ ቢቸና እመለሳለሁ። አልጋዬን ግድግዳ አስጠግቼ፣ የቀረውን ወለል ሁሉ ለገጽ እርሻው እለቃለሁ።