አንቺ ዘንድ የቀረው ገጽ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እማዬ፣

ችሎት ላይ ነገሩ የተበላሸው የወንድሜ ጠበቃ ከዶሴው ውስጥ አንድ ወረቀት መዞ ለዳኛዋ ሲዘረጋ ነው። ከሩቁ አወቅኩት። መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ሽቅብ የሚወጣው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ በነሐሴ ለአንቺ የጻፍኩት ደብዳቤ።

«ጽሑፉ የእርስዎ ነው?» አሉኝ ዳኛዋ።

«የእኔ ነው። ለእናቴ የጻፍኩት ነው።»

ጠበቃው በቀይ የተሰመረበትን አነበበ፦ «ይህን ሰው በአደባባይ ሳላዋርደው እንቅልፍ አይወስደኝም።» ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ «አመልካቿ የመጡት ለኩባንያው ተቆርቁረው አይደለም፤ ወንድማቸውን ሊበቀሉ ነው» አለ። ወንድሜ አንገቱን አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር።

በስልክ ስጀምርልሽ ወሬ ስለምትቀይሪ ከሥሩ ላስረዳሽ። አባዬ ከሰው ሠራሽ እግር ኩባንያው ለሁለታችንም ድርሻ ትቶልናል፤ የወንድሜ ይበልጣል፣ ሥራ አስኪያጁም እሱ ነው። ፕላስቲክ የምናለሰልስበትን ምድጃና የየደንበኛው እግር የተለካበትን የጄሶ ቅርጾች ሸጥኩ ብሎ በሚስቱ ስም ወደተከፈተው ድርጅት ሲያጓጉዝ በሻጭም በገዢም ወገን የወሰነው እሱ ራሱ ነው። የተዘረፈው ኩባንያው ነው። ኩባንያው ግን በእግሩ ሄዶ አይከስም፤ የሚከስለት ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ዘራፊው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ። ስለዚህ ባለድርሻ ነኝና በኩባንያው ስም እንድከስ ፍርድ ቤቱ ይፍቀድልኝ ብዬ አመለከትኩ። ፈቃዱ የሚሰጠው በቅን ልቦና ለመጣ ብቻ ነው። ቂሙን ሊወጣ የመጣ ይመለሳል። ደብዳቤዬን የፈለጉት ለዚህ ነው።

ወርክሾፑን ብታይው አታውቂውም። ምድጃው በቆመበት ወለል ላይ አራት የዝገት ክቦች ቀርተዋል። ሰው ሠራሽ እግር የሠራንላቸው ሰዎች ሁሉ ቅርጽ የተደረደረበት መደርደሪያ ባዶ ነው፤ ስማቸው የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ምስማሩ ላይ ይወዛወዛል። ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ መጣች፣ ያቺ አባዬ የመጀመሪያ እግሯን የሠራላት። ሰው ሠራሹ እግር ፈግፍጎት ቆዳዋ ተልጧል። «የወንድምሽ አዲሱ ቤት ብሄድ እንደ አዲስ ተመዝገቢ አሉኝ። አሥራ ስድስት ዓመት በእናንተ እግር ሄጄ እንደ አዲስ?» አለች። ቅርጿን ከየት አምጥተን እናስተካክልላት? ሚሊሜትር፣ እኛ ዋናውን ባለሙያ የምንጠራው እንዲያ ነው፣ ቁስሏን በጨርቅ ጠቅልሎላት ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ችሎት አብሮኝ መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ፊት ሲያይ እሱ አረማመድ ያያል። ኮሪደሩ ላይ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይሄ ጠበቃ የሚያነክሰው ጫማው ጠብቦት ነው። ቢጠይቀን እናሰፋለት ነበር» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ዳኛዋ ግን ወረቀቱን ገልብጠው አይተውታል። ጀርባው ባዶ ነው።

«ይህ ደብዳቤ 'ነገር ግን' ብሎ ያቆማል። ቀጣዩ የታለ?»

ጠበቃው ከደንበኛው የተረከበው ይህንኑ ብቻ መሆኑን ተናገረ። ዳኛዋ ለሦስት ሳምንት ቀጠሩ። «ቀሪው ከቀረበ አየዋለሁ። ካልቀረበ ባለው እወስናለሁ» አሉ።

ቀጣዩን ታስታውሽዋለሽ፣ እማዬ? «ነገር ግን ይህ ንዴቴ ነው፣ ያልፋል። ለራሴ የምፈልገው የለም። ምድጃው ይመለስ፣ ቅርጾቹ ይመለሱ፤ ከዚያ እሱው ያስተዳድር፣ እኔ ከፊቱ ዞር እላለሁ።» ከሥሩ የጻፍኩት ስለ ጉልበትሽ ቅባት ነበር።

ልቡ ይራራ ይሆናል ብለሽ ነው የላክሽለት ብዬ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ። ሁለቱንም ገጽ ልከሽለት አንዱን የደበቀው እሱ ከሆነ ይህንኑ ጽፈሽ ፈርሚልኝ። ገጹ አንቺ ዘንድ ካለ ግን ለይተሽ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። ፖስታ ውስጥ ስታስገቢው ይህንንም እየነገርሽኝ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ላኪልኝ። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም። ከአክስቴ ቤት ስትመለሺ ሻንጣሽን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብሽም።

ካልላክሽውም በቀጠሮው ቀን እገኛለሁ። በቀረበው ግማሽ ደብዳቤ እከራከራለሁ፤ ከተሸነፍኩም ይግባኝ እላለሁ።

አክስቴን ሳሚልኝ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ደረጃውን ያለ ሰው ድጋፍ የምትወጪበትን ቀን ያሳየኝ። እወድሻለሁ።

ልጆች ሳለን ወንድሜ ብስክሌቴን የሰበረ ጊዜ ዝም አልኩ። የትምህርት ቤት ሽልማቴን የራሱ አድርጎ ለእንግዳ ሲያሳይም ዝም አልኩ፤ አንቺ በዓይንሽ ዝም በይ ስላልሽኝ። ከእንግዲህ ግን «ወንድምሽ እኮ ነው» የሚለውን መልስ ከማንም አልቀበልም፣ ከአንቺም ቢሆን።

ልጅሽ