በመስቀል ማግስት የቀጠርኩት ጨዋታ

ሐሙስ

ፈቃድ ሲጠይቀኝ ደምስ ስድስተኛው ነው። አጥቂዬ! ቁርሴን ሳልጨርስ መጥቶ ከፊቴ ቆመ፤ “ጋሼ፣ ለመስቀል አገር ቤት ደርሼ ልምጣ፣ አንድ ቀን ብቻ” አለኝ። ሁሉም አንድ ቀን ብቻ ነው የሚሉት። ማክሰኞ ጨዋታ አለን ብዬ ከለከልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያ አንገት መድፋት እሺታ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ። ለመስቀል መርካቶ ያለው ጉራጌ ሁሉ ወደዚህ ወደ ወልቂጤ ይመጣል፣ የቦርዱ ሰዎችም ይመጣሉ፣ ያኔ ቡድኑን እናሳያቸው ብዬ ለሰብሳቢያችን ለጋሽ ፈለቀ ነገርኳቸው። ወደዱት። ካዩትና ደስ ካላቸው ክለቡን ለሊግ ያስመዘግቡታል። ካልሆነ ይፈርሳል፤ ፊት ለፊት ነው የነገሩኝ። ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል።

ተመልካቹ እንደሚመጣ ሳሰላ ተጫዋቾቼም ቤት እንዳላቸው ረሳሁት። ያውም እኔ፣ የቸሃ ጉራጌ ልጅ!

ዓርብ

ካምፑ ውስጥ ስምንት አልጋ ባዶ አደረ። አሰልጣኝ ዮናስ የጎንደር ሰው ነው፤ ወልቂጤ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ። “ለበዓል ተብሎ ካምፕ ተጥሎ ይኬዳል እንዴ?” ብሎ ጮኸብኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ማልቀስ አማረኝ።

ሦስት ወር ለፍቻለሁ። ስም ያለው ተጫዋች ማምጣት አቅማችን አልፈቀደም፤ ስለዚህ የሚዋደድ ቡድን ልሥራ አልኩ። የግራ ተመላላሹን ባጃጅ ሲነዳ ነው ያገኘሁት። በረኛውን ሙኽታርን መስቃን ድረስ ሄጄ፣ ከአባቱ የበርበሬ ማሳ ላይ ለምኜ አመጣሁት። አሥራ ስምንቱንም በአንድ ቤት አኖርኳቸው፣ አብረው አበላኋቸው። እርስ በርስ መፈላለግ ጀምረው ነበር።

እናቴ ደወለች።

“መቼ ነው የምትመጣው?”

“ሥራ አለብኝ፣ አዶቴ።”

“የሚመጡት ሁሉ እኮ ሥራ ያላቸው ናቸው” አለችና ዘጋችው።

ቅዳሜ

አምስት ቀሩ። ሙኽታርና ከሩቅ አገር የመጡ አራት ልጆች። ደምስም ሄዷል። ዮናስ ድንጋይ ደርድሮ በመካከሉ ኳስ ያቀባብላቸዋል። ማየት አልቻልኩም።

ሙኽታርን ስላልሄድክ አመሰግናለሁ አልኩት። “ጋሼ፣ እኔም እኮ ለአረፋ እሄዳለሁ። ከአሁኑ ይወቁት” አለኝ። እሱስ ቀድሞ ነገረኝ።

ሰባት ተጫዋች ካልተሟላ ጨዋታ አይጀመርም። ሁለት ይጎድለኛል።

እሑድ

ደምስን ላመጣ መንደሩ ድረስ በሞተር ሄድኩ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ታላቅ ወንድሙ ከሰባት ዓመት በኋላ ከደቡብ አፍሪካ መጥቷል። ዛሬ ደግሞ የእርዱ ቀን። የመጣሁበትን ልናገር አፌን ስከፍት አባትየው በክትፎ ዘጉት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልጅዎን ይስጡኝ ይባላል? ደምስ ራሱ አስታጠበኝ፣ ቆጮውን አቀረበልኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ሲሸኙኝ አባትየው መረቁኝ፣ “ሥራህን ያቃናልህ፣ ቡድንህን ያቁምልህ” አሉ። አሜን አልኩና ቡድኔን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

ሰኞ

መስቀል። ከተማው ጭር ብሏል። ጋሽ ፈለቀ ከስንት ሙከራ በኋላ ስልካቸውን አነሱ፣ ከኋላቸው ጭፈራ ይሰማል። ነገ በስንት ሰዓት ይደርሳሉ አልኳቸው። “የምን ነገ? ኧረ ተወኝ! በመስቀል ማግስት ማን ከአገር ቤት ይወጣል?”

ለካ ሰው የሚመጣው ወደ ወልቂጤ አይደለም። ወልቂጤን አልፎ ነው የሚሄደው። ይህን ለማወቅ ሃምሳ ዓመት ፈጀብኝ።

ነገ የምንገጥማቸውን ቡታጅራዎች አትምጡ ልላቸው ደወልኩ። ሚኒባስ ተከራይተናል፣ እንመጣለን አሉ። አዶቴ አልደወለችም።

ማክሰኞ

ቡታጅራዎች ሙሉ ሆነው በሰዓቱ ደረሱ። ተመልካች ሃያ ሰው ቢሆን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፤ እኛ አሁንም አምስት ነን። ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ መንገዱን። በጣም አፈርኩ።

ዘጠኝ ከሩብ ላይ አንድ ሞተር ሦስት ሰው ጭኖ መጣ። የደምስ ወንድም ይነዳል፣ ከኋላው ደምስና የግራ ተመላላሹ። “አባቴ ለምን እንደመጡ ገብቶት ነበር። ያን ሰውዬ እንዳታሳፍረው ብሎ ላከኝ” አለኝ ደምስ።

በሰባት ሰው ተጫወትን። አራት ለአንድ ተሸነፍን። አንዷን ደምስ አገባ፤ የበላው ክትፎ ከብዶት ጎኑን ይዞ ነበር የሚሮጠው።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ፈለቀ ደወሉ። ተሸነፍን አልኳቸው። በስንት ሰው? በሰባት። እነማን መጡ? ስም ስጠራ ደምስ ላይ አስቆሙኝ። “ወንድሙ ከደቡብ አፍሪካ የመጣለት? ያንን ድግስ ትቶ መጣ?” አዎ አልኩ። “ሐሙስ ቢሮ ጠብቀኝ” ብለው ዘጉት። ምን ሊሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ተስፋ ማድረግም ፈራሁ።

ለአዶቴ ደወልኩ። “ድርሻህ ተቀምጧል” አለችኝ።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ብቻ።