ዜሮ ያልኩበት ጥያቄ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ወገቤ እንደ ወትሮው። ሽንኩርት ኮትኩቼ ቀና ስል የጎረቤቴ በግ እንኳ በሐዘኔታ አየችኝ።

ከሰዓት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዶክተር እየሩስ የምትባል የአእምሮ ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥታለች። ለዓመታት የማይለቅ ሕመምና ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ጭንቅላታቸው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሳለፈች ይሻላቸው እንደሆነ ታጠናለች። የትምህርት ቤት በር ያልረገጠ ጭንቅላቴ በስተርጅና ጥናት ሊገባ...

የፈቃድ ወረቀቱ ስድስት ገጽ። ሁሉንም አነበብኩ። ነርሷ ሐምዲያ፣ "እትዬ አመተ፣ ሰው ሁሉ ፈርሞ ይሄዳል። እርስዎ ዳዊት ይደግማሉ እንዴ?" አለችኝ። በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የለየ ሰው የተጻፈ ነገር አያልፍም። ኮራ ሳልል አልቀረሁም።

ግን አራተኛው ገጽ። በሽታው ምን እንደሚመስል ይዘረዝራል። ከአልጋ አለመነሣት፣ ሰው አለማናገር፣ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል። ከሥሩ፣ "ይህ ስንፍና አይደለም" ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ስፈርም ስሜን አጣምሜ ጻፍኩት። ሐምዲያ እርጅና መሰላት።

ከዚያ አሥር ጥያቄ፤ መልሱ ከዜሮ እስከ ሦስት፤ ዜሮ ጭራሽ፣ ሦስት ሁልጊዜ ማለት ነው። ስድስተኛው፣ "ራሴን እወቅሳለሁ"። ዜሮ ጻፍኩ። እኔ ቅድስት አመተ ጊዮርጊስ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

የመጀመሪያው ቀን። ሁለት ስፖንጅ በጨው ውሃ ነክረው ጭንቅላቴ ላይ አሰሩ። ጨው ሲሉ፣ ቋንጣ ሊያደርጉኝ ነው አልኩ በሆዴ። ሃያ ደቂቃ። ትንሽ ያሳክካል።

ማሽኑ ሐሳብ አያነብም ይላል ወረቀቱ። ቢያነብስ ይነግሩናል? ለማንኛውም ውዳሴ ማርያም በሆዴ ደገምኩ። የሰኞው አለቀ፣ ደቂቃው አላለቀም... የማክሰኞውን ጨመርኩ። ማሽኑ ከበረበረ እመቤታችንን ብቻ ያግኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ጾም። ኤሌክትሪክ ጾም ያስገድፋል? የንስሐ አባቴን አባ ገብረ ሊባኖስን ብጠይቃቸው ሌላም ይጠይቁኛል። ይቅር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ሐምዲያ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየች። ጸሎት ነው አልኳት። እሷም ዚክር እንደምታደርግ፣ እኔ ግን የምሸሽ እንደምመስል ነገረችኝ። የጋሸና ልጅ ናት። ጋሸና ስትል ወሬ ቀየርኩ።

እዚህ እንኳ ልጻፈው። ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ባሌ ምስጋኑ ግንበኛ ነበር። አንድ ቀን ተኛና ስምንት ወር ግድግዳ ሲያይ ከረመ። እንጨቱም ውሃውም እርሻውም እኔ ላይ። አንድ ቀን እህቱ ዘነቡ ፊት፣ "ምን ተጽፎበት ነው እንዲህ የምታጠናው? እኔም ላንብበው" አልኩት። ዘነቡ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ፊደል አውቃለሁ፣ ቀልድ አውቃለሁ... በማግስቱ ተነሥቶ ጭነት ሊያራግፍ ጋሸና ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከመኪና ላይ ወድቆ ሞተ።

ለማንም አልተነፈስኩም።

ዛሬ ጸሎቱ እምቢ አለኝ። ሃያ ደቂቃ የጤና ጣቢያውን ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። ምንም አልተጻፈበትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

አለቀ። ዛሬ ሁለት መደብ ሽንኩርት ሳላርፍ ኮተኮትኩ። ማሽኑ ይሆን? ለማወዳደሪያ ለግማሾቻችን የሚደርሰው የማይሠራው ማሽን ነው፤ ለማን እንደሆነ አይነገረንም። የእኔ ያ ከሆነ፣ ሦስት ሳምንት ስፖንጅ ፈርቼ ጸለይኩ ማለት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ያው አሥር ጥያቄ። ስድስተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። ሦስት ጻፍኩ።

ዶክተሯ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ ደነገጠች። ሌላው ቁጥር ወርዷል፣ ይሄ ብቻ ከዜሮ ሦስት ገብቷል። ባሰብዎት እንዴ፣ በእኛ ምክንያት ነው እንዴ ትላለች። አሳዘነችኝ።

"አልባሰብኝም። ያን ጊዜ ዋሽቼ ነው።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ነገርኳት። ግድግዳውን፣ ሳቁን፣ ጋሸናን።

"ሰነፍ ነበር?" አልኳት በመጨረሻ።

"አልነበሩም። ታመው ነበር።"

"እኔ ባልናገረው ይኖር ነበር?"

"አላውቅም፣ እትዬ" አለች።

ምንም አይደለም ብትለኝ ኖሮ አላምናትም ነበር።

የድሮውን ዜሮ ላጥፋው ብል አይቻልም፤ የተጻፈ አይሰረዝም፣ ጎኑ ማስታወሻ ይገባል አለች። እንግዲህ በጥናቷ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጸጸት የያዛት ብቸኛዋ የላስታ ሴት እኔ ሆንኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከተሰጠኝ ግልባጭ አራተኛውን ገጽ ይዤ ዘነቡ ቤት ሄድኩ። ወገቤ ዳገቱ ላይ ሁለቴ አስቀመጠኝ፤ ተአምር የለም። እሷ አታነብም። ምን እንደሆነ ሳልነግራት አነበብኩላት። ከአልጋ አለመነሣት... ግድግዳ... ስንፍና አይደለም...

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"እኔም ስቄ ነበር" አለች።

ዘጠኝ ዓመት የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ምስጋኑን ነው የሚለው?"

"አዎ። ምስጋኑን ነው።"

"በይ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት።