ሱቁን አትዝጋብኝ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 19

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ነህ አባዬ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? እኔ ደህና ነኝ። እውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ። ክረምቱ እዚህ ከበድ ይላል እንጂ የሚያስከፋ ነገር የለም።

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ አንተ እንደሆንክ ደብዳቤ ስታነብ መሀሉን ዘለህ ነው። ሱቁን ልትዘጋ ነው አሉ። ፈቃድህን ለመመለስ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ግብር መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደህ ጠይቀሃል። የነገረችኝ እማዬ ናት፤ እንዳትቆጣት። ምስጢር ልጠብቅ ብዬ እጄን አንስቼ የማልኩት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።

አካሄድህ ደግሞ! በሥራ ቀን ኮትህን ለብሰህ "ፀጉሬን ልስተካከል" ብለህ ወጣህ፤ ስትመለስ ፀጉርህ እንደነበረ ነው። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይሄ አይደል? እማዬ አፋጥጣ ስትይዝህ ጊዜ፣ "ሱቁ ከሌለ ልጅቷ እዚህ እንዳትሠራ የሚከለክላት ነገር አይኖርም" አልካት። እኔን ማናገር ካቆምክ እኮ ቆየህ። ስደውል አጠገቧ እንዳለህ አውቃለሁ፤ ሰላም በያት እንኳ ስትላት ሰምቼ አላውቅም። እና ለማታናግራት ልጅ ብለህ ዕድሜህን ሙሉ የቆምክበትን ሱቅ ትዘጋለህ? አንጀቴን በላኸው፣ አባዬ።

ደንቡን ታውቀዋለህ። ወላጁ በሚነግድበት ከተማ ማንም የኛ የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይመደብም፤ ወደዚህ የላኩኝም ለዚሁ ነው። ደንቡ ክፉ አይደለም፣ እኔም አለቃ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ታዲያ ሰሞኑን እዚያ እኛ ከተማ ግብር ከፋይ የሚስተናገድበት አንድ የመስኮት ቦታ ተለቀቀና፣ ዝውውር የሚፈልግ ይመዝገብ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እንደማይፈቀድልኝ እያወቅኩ "ምናልባት" ብዬ ተመዘገብኩ። ተመዝግቤም ዝም አላልኩ፣ ለእማዬ ነገርኳት። የዚህ ሁሉ መዘዝ ያ አፌ ነው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ፣ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ሐምሌ ስለሆነ ነጋዴው ሁሉ የሚመጣው አሁን ነው። ሰልፉ ከጠዋት ጀምሮ ከበሩ ወጥቶ አጥሩን ተከትሎ ይታጠፋል። ሲስተሙ ደግሞ ሰው ሲበዛ መጥፋት ልማዱ ነው። ሲጠፋ የሚሰደበው ሲስተሙ ሳይሆን እኛ ነን። ከጎኔ የምትቀመጠዋን ባልደረባዬን ማኅተም ነው የምንላት፤ አንዴ ከተናገረች አይፋቅም። "ሐኪም ቤት የሄደ ሲድን ይመርቃል፤ እኛ ጋ የመጣ ግን ጨርሶም ይራገማል" ትላለች። ቢሆንም ሁሉም እንዲያ አይደለም። ባለፈው አንዲት ልብስ ሰፊ ጉዳይዋን ጨርሳ ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጣች። ምን ጎደለ ብዬ ስደነግጥ፣ "ሳላመሰግንሽ ሄጄ ነው" አለችኝ። ማኅተም ሳትቀር ደንግጣ እስክሪብቶዋን ጣለች።

ቤት ልከራይ ስዞር "የት እንደምትሠሪ ትንፍሽ እንዳትይ" ብላ የመከረችኝም ማኅተም ናት። ኪራይም ግብር አለበትና አከራይ እኛን ግቢው ማስገባት አይወድም። አከራዬ "የት ነው የምትሠሪው?" ሲሉኝ "መንግሥት መሥሪያ ቤት" አልኩ። "የትኛው?" ሲሉኝ አፌ እንዳመጣልኝ "ውሃ ክፍል" ብዬ አረፍኩት። ይኸው ውሃ በጠፋ ቁጥር በሬን ያንኳኳሉ። "ምነው ልጄ፣ ሌላው ይቅር፣ ለራስሽ እንኳ አታስመጪም?" ይሉኛል። ደግ ሴት ናቸው። አንድ ቀን እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ብቻ ክረምቱ ይለፍ።

ሻይ ቤት ስንሄድም ከመቀመጣችን በፊት ነው የምንከፍለው። እንዲያ ካላደረግን አንዱ ነጋዴ ከወዲያ ጥግ "ተከፍሏል" ይላል፤ ያ ሻይ ደግሞ ነገ መስኮቱ ላይ ይመጣብናል። አሳላፊዋ ለምዳናለች፣ ስንገባ እጇን ዘርግታ ነው የምትቀበለን። ሻይ በቀረበ ቁጥር ግን አንተና ጎረቤትህ ባለ ቀለሙ ትዝ ትሉኛላችሁ። በአንተ መስታወት ቤትና በሱ ቀለም ሱቅ መሀል ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ፣ "እኔ ልክፈል" "ሞቼ ነው የምትከፍለው" ስትባባሉ ሻዩ ይቀዘቅዝ ነበር። ደንበኛ ሲመጣም ተነሺው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አንተ ቀለም ትሸጥለት ነበር፣ እሱም መስታወት ይለካልህ ነበር። የሱ ልኬት ግን ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ይቅር ይበለኝ።

ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን መደርደሪያው ሥር ወርውሬ፣ አሮጌ ጋዜጣ ጨብጬ መስታወት እጠርግ ነበር። ስጨርስ ከመስታወቱ ወዲያ በኩል ትቆምና "አለ ወይስ የለም?" ትለኛለህ። "የለም" ካልኩ ጠርቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ጨዋታ አስቸኩሎኝ ቆሻሻውን እያየሁ "የለም" እልሃለሁ። አንተም ጣትህን አስነክተህ "ታዲያ ይሄ ጣቴን የያዘው ምንድን ነው?" ትላለህ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ትልቁን መስታወት ስትቆርጥ ግን የሚስቅ አልነበረም። መቁረጫውን አንዴ ብቻ ታስኬደዋለህ፤ ከዚያ በጠረጴዛው ጠርዝ ጠቅ ስታደርገው ቀጥ ብሎ ለሁለት ይለያል። "ሁለቴ የተጫረ መስታወት ቂመኛ ነው፣ ባላሰብሽው በኩል ይሰነጠቃል" ትለኝ ነበር። የሞተ ሰው ፎቶ ሊያስገጥም ከመጣ ሰው ጋር ደግሞ በዋጋ ስትከራከር አይቼህ አላውቅም። የሰጡህን ተቀብለህ፣ ፎቶውን በሁለት እጅህ ነበር የምትይዘው።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ግብር የምትከፍል ቀን ጢምህን ተላጭተህ፣ ኮትህን ለብሰህ፣ አንዳንዴም እኔን አስከትለህ ትሄድ ነበር። አንዱ ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ቀረብን። መስታወቱ ላይ ያለችው የመነጋገሪያ ቀዳዳ ዝቅ ብላ ነው የተሠራችው፤ አንተ ደግሞ ረጅም ነህ። ለመናገር እጥፍ ብለህ ጎነበስክ። ውስጥ ያለው ሰውዬ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየህም፤ ለጠየቅከው ሁሉ መልሱን የሚሰጠው ለጠረጴዛው ነበር። ስንወጣ የተናደድክ መስሎኝ ፈራሁ። አንተ ግን "ያቺን ቀዳዳ የቆረጠ ሰው ሙያ የለውም" ብቻ ነው ያልከው። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ ቀስ ብለህ፣ "ቀና ብሎ ቢያየኝ ምን ይጎዳው ነበር?" አልክ። ለእኔ ያልከው አልነበረም፤ እኔ ግን ሰምቼሃለሁ።

ሰው ሁሉ "የነጋዴ ልጅ ሆና እዚያ መሥሪያ ቤት ምን ትሠራለች?" ሲል፣ ባለ ቀለሙም "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" እያለ ሲስቅብህ፣ ለማንም መልስ አልሰጠሁም። መልሱ ይሄ ነው። ያ መስኮት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው እንዲቀመጥበት ብዬ ነው የገባሁት። ባንተ ላይ ልሰለጥን፣ ወይ በጓደኞችህ ላይ ልሾም አልነበረም።

እዚህም ቀዳዳዋ ያው ዝቅ ያለች ናት። በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ከፍ ይደረግልን ብዬ ተናገርኩ። ግማሹ ሰው ተቃወመኝ፤ አልፈርድበትም። አምና አንድ የተናደደ ሰው ጃንጥላውን ሰንዝሮ መስታወቱ ባይኖር ማኅተም ላይ ያርፍ ነበር። መስታወቱ ይነካ ሲባል ሰው ይፈራል። ሥራ አስኪያጁም "በጀት የለም" አሉ። ማኅተም ከኋላ ሆና "ለቀዳዳም በጀት ያስፈልጋል?" አለች፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ስብሰባውም በዚሁ ተበተነ። እስከዚያው ረጅም ሰው ሲመጣ እኔ ከወንበሬ እነሳለሁ። ድምፃችን ትንሽ ይታፈናል እንጂ ዓይን ለዓይን እየተያየን እንግባባለን። "ላንቺ ወንበር መመደብ የመንግሥት ሀብት ማባከን ነው" ትለኛለች ማኅተም።

አሁን ወደምንፈራው ነገር ልምጣ። ያን ጊዜ ገና እዚያው ከተማ ስሠራ፣ የግብር ተቆጣጣሪዎች በእኛ ጎዳና ሱቅ ለሱቅ ዞሩ፤ ባለ ቀለሙን ጥፋት አግኝተውበት ክፉኛ ቀጡት። ከሥራ ስመለስ በርህ ላይ ቆሞ "የሸጠችን ልጅህ ናት" ሲልህ ደረስኩ። ወደ ቤት ስንሄድ "እውነት ነው?" ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ ዝም አልኩ። ስለ መሥሪያ ቤቱ ነገር ለቤተሰብም ቢሆን አዎም አይደለምም ማለት አይፈቀድልንም። ዛሬ "አይደለም" ያለ ሰው ነገ ሲጠየቅ ዝም ቢል፣ ዝምታው "አዎ" ይሆንበታል። የበለጠው ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። ሳትጠይቀኝ እንድታውቅ ፈልጌ ነበር፣ አባዬ። ልጅህን እንድታውቃት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኛ ግን ነቀዘ። ብዙም ሳይቆይ ደንቡ ወጣ፣ እኔም ሄድኩ። ልሰናበትህ ስመጣ መስታወት እየቆረጥክ ነበር። ቀና አላልክም።

አሁን ነገሩ አልፏል፣ ብናገረው የሚጎዳው ሰው የለም። እኔ አልነበርኩም። ተቆጣጣሪ መምጣቱን የሰማሁት እንደ ጎዳናው ሰው ሁሉ ከመጡ በኋላ ነው።

ባለ ቀለሙም ሱቁ ሊዘጋ መሆኑን ሰምቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንተ እቤት ድረስ መምጣቱን እንኳ አታውቅም። እማዬን ምን እንዳላት ታውቃለህ? "እሱ ከሄደ እኔ ከማን ጋር ልኮራረፍ ነው?" ስትነግረኝ በሳቅ ሞትን፤ ከዚያ እሷ አለቀሰች። ሰውዬው ሁልጊዜ ጠዋት የሱን በር ከመክፈቱ በፊት የአንተ መከፈቱን እንደሚያይ ነግሯታል። እኔ ብሆን ይሄን እርቅ ብዬ እቆጥረው ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። ዛሬ ጠዋት አስተዳደር ክፍል ሄጄ ከዝውውሩ ስሜን አሰርዣለሁ። ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሱቁን ለእኔ ብለህ የምትዘጋበት ምክንያት ከእንግዲህ የለም። ቀደምኩህ፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም። መምጣት ጠልቼ አይደለም። እዚህ እሑድ ሲመጣ ቀኑ አልመሽ ይለኛል፤ የእማዬ ድምፅ፣ የሱቁ በር ሲከፈት የሚያሰማው ጩኸት፣ ሁሉም ይናፍቀኛል። ግን መጥቼ አንተን ቤት ውስጥ እጅህን አጣጥፈህ ተቀምጠህ ካገኘሁህ፣ የናፈቀኝ ቤት እሱ አይደለም።

እስክንገናኝ ፈጣሪ ወገብህን ያበርታልህ፣ እጅህን ከስንጥር ይሰውርልህ፤ ደጅህን ደንበኛ አይለየው። እማዬን በእኔ ምትክ ሳምልኝ።

ጥድፊያው ጋብ ሲል የዓመት ረፍቴን ወስጄ እመጣለሁ። መጀመሪያ የምመጣው ቤት አይደለም፤ ከመናኸሪያው ቀጥታ ሱቁ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎዳናው ሁሉ እያየ። ብታናግረኝ እሰየው። ባታናግረኝም አላስቸግርህም፤ እንደማንኛውም ሰው ተራዬን ጠብቄ አንድ መስታወት አስቆርጣለሁ። ልኬቱን ሳትጠይቅ አትቆርጥምና ያኔ የግድህን ታናግረኛለህ። ከፍዬም ዝም ብዬ አልወጣልህም፣ አባዬ። ደረሰኝ እጠይቅሃለሁ።

ልጅህ