ለደም መጣጯ ሴት የሚሆን ድምፅ

ውድ እህት ዓለሜ፣

ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም። ባለፈው ቤታችሁ ስመጣም እናትሽ በር ላይ ቆመው «ተኝታለች» ሲሉኝ፣ ከኋላቸው ኮቴሽን ሰማሁ። አልተቀየምኩሽም። ጉሮሮሽን ኦፕራሲዮን ከሆንሽ ወዲህ ድምፅሽን ለሰው ማሰማት እንደከበደሽ ይገባኛል። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ያቺ ጠባብ የቀረጻ ክፍል ያለ አንቺ ሰፍታብኛለች። የውጭ ፊልም ተዋናዮችን ቃል በድምፃችን ተክተን በቋንቋችን ስንናገር ስንት ዘመን አሳለፍን! በተለይ እነዚያ የደም መጣጭ ፊልሞች! እኔ ሁልጊዜ የምትነከሰዋ ልጅ ነኝ፤ ደም መጣጩን ወንድ መስኮት ከፍታ የምትጠብቀዋ፣ ለሱ ስትል እናት አባቷን የምትረሳዋ። አንቺ ደግሞ ከንፈረ ቀይዋ ደም መጣጭ፣ ቀናተኛዋ፣ ፊልሙ ሳያልቅ በእሳት የምትጋየዋ።

«ወንዱ ሦስት መቶ ዓመት ደም ሲመጥ ኖሮ ይፈቀራል፤ እኔ አንድ ሰው ብነክስ እሳት! ምነው፣ ጥርሳችን አንድ አይደለም እንዴ?» ስትዪ፣ የድምፅ ባለሙያው በሳቅ ፈርሶ ቀረጻው ይበላሽ ነበር።

ሰኞ ዕለት አዲስ ፊልም መጣ። እንደለመደብኝ የልጅቷ ክፍል ደረሰኝ። ይቺኛዋ ልጅ ግን አትነከስም። ደም መጣጯም አትቃጠልም። ፊቷ ባያረጅም የደከማት፣ የሚወዷትን ሁሉ ቀብራ ብቻዋን የቀረች ሴት ናት። ሁለቱ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ረጅም ወሬ ያወራሉ፤ ወንድ የሚባል አያነሱም።

ልጅቷ «ብቸኝነት ይለመዳል?» ትላታለች።

«አይለመድም። ዝም ብሎ ቤተኛ ይሆናል።»

አዘጋጁ ለሴትዮዋ ድምፀ መረዋ ልጅ አምጥቶ ነበር። ያንን ቃል ስትናገረው የሳሙና ማስታወቂያ መሰለኝ። መቀጠል አቃተኝ፤ ማዳመጫዬን አውልቄ ወጣሁ። አዘጋጁም ተከተለኝ።

«ምን ነካሽ?»

«ስንት ሰው የቀበረች ሴት እንዲህ አትናገርም። ድምፅዋ ሻክሯል።»

«እና ማን ትሁንልሽ?»

ስምሽን ጠራሁለት። «ጭራሽ መናገር አትችልም ሲባል ነው የሰማሁት» አለኝ።

«ትችላለች» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ! እኔስ መቼ ሰማሁሽና?

«እንግዲያው ሐሙስ ትምጣና ትሞክር። እስከዚያ የራስሽን ክፍል ቅጂ።»

አዝኜልሽ እንዳይመስልሽ። ፊልሙ ይፈልግሻል፤ እኔ ደግሞ ከፊልሙ አስቀድሜ። ብትቀሪም እኔና አንቺ ያው እኔና አንቺ ነን።

ዛሬ ብቻዬን ገብቼ ቀዳሁ። «ብቸኝነት ይለመዳል?» አልኩና ቆምኩ። የድምፅ ባለሙያው በመስታወቱ በኩል አየኝ እንጂ መቅረጫውን አላጠፋውም። መልስሽ የሚገባበትን ዝምታ ትቼልሻለሁ።

ናፋቂሽ