ቁስል የማይሰማቸው ቲማቲሞች

ማክሰኞ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን

የኔ እናት፣

እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ ለቀቅ አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽን ከቀበርን ወዲህ ሰዉ ሁሉ «አንቺስ ጠንካራ ነሽ» ይለኛል። እንባዬ ጠብ ሳይል ወደ ላቦራቶሪ ተመለስኩ። ስራዬን ታውቂዋለሽ፤ የቲማቲም ቅጠል በምላጭ እየቆረጥኩ ተክሉ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው።

ተክል መቁሰሉን የሚያውቀው በሴሎቹ ገጽ ላይ ባሉ ፕሮቲኖች ነው። ከተጎዳው ሴል የፈሰሰውን ፍርፋሪ፣ ወይም የወረራቸውን ሻጋታ ስባሪ ያዝ ያደርጉና ወሬውን ወደ ውስጥ ያደርሳሉ። ያኔ ሴሉ ግድግዳውን ያወፍራል፤ ያልተነኩት ቅጠሎችም ይጠነቀቃሉ። እኛ ዘንድ ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የጎደላቸው ችግኞች ነበሩ። ብትቆርጫቸው ምንም አይመስላቸውም። ለመከላከያ ጉልበት ስለማያወጡ ከሁሉም ይልቅ ለምልመው ነበር። አብራኝ የምትሰራው፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ «ቆነጃጅቱ» ትላቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ችግኞቹን የምናሳድግበት ግሪንሃውስ ውስጥ ሻጋታ ገባ። ሌሎቹ ቅጠላቸው ላይ ነጠብጣብ ቢወጣም ተቋቋሙት። ቆነጃጅቱ እስከ ግንዳቸው በሰበሱ። ሳቂታዋ አለቀሰች፤ የስንት ጊዜ ድካሟ ነው። እኔ ግን ለምርመራ የሚሆነውን ግንድ እየቆረጥኩ ብልቃጥ ውስጥ መክተት ጀመርኩ።

«እጅሽን እዪው» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ደም በደም ሆኗል እኮ። አላመመሽም?»

ምላጩ ጓንቱን ቀዶ አውራ ጣቴን ሰንጥቆታል። የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። «አላመመኝም» አልኳት። ማልቀሷን ትታ አየችኝ፣ አየችኝና ቦርሳዬን አነሳች። ሐኪም ዘንድ ወስዳ ጣቴን አሰፋችልኝ፤ ከዚያም ቤቷ ወሰደችኝ። ሾርባ አቅርባልኝ፣ ማንኪያውን ይዤ ስቀመጥ፣

«ለልጅሽ ነግረሻታል?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

የቀዘቀዘውን ሾርባ ወስዳ አሞቀችና መልሳ አመጣችው።

ትምህርትሽን ትተሽ ነይ አልልሽም። ግን ስትደውዪ «እንዴት ነሽ» አትበዪኝ፤ አፌ ስለለመደው ደህና ነኝ እልሻለሁ። «ዛሬ ምን በላሽ» በዪኝ። «ትናንት የት ተኛሽ፣ አልጋው ላይ ነው ወይስ ወንበሩ ላይ» በዪኝ። ዝም ካልኩም ስልኩን አትዝጊው።

የረገጥሽው ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይይሽ የኔ ልጅ።

እናትሽ